«እዛ ሀበሻ አለ?»፦ በትንሽ ኮሌጅ ውስጥ ማን ከማን ጋር ይበላል

የእህቴ ልጅ መጋቢት ላይ ሁለት የምሥራች ደረሳት። አንዱ ከትልቅ የስቴት ዩኒቨርሲቲ ነው። ሁለተኛው ከአንድ ትንሽ የግል ኮሌጅ ነው፤ ተማሪው ሁለት ሺህ አይሞላም። ቅዳሜ ከሰዓት ሲልቨር ስፕሪንግ እነሱ ቤት ተሰብስበናል። ቡና እየተፈላ ነው። እህቴ የትንሹን ኮሌጅ ብሮሹር አነሳችና ገልበጥ ገልበጥ አደረገችው። ዛፍ፣ ቀይ ጡብ፣ ሣር ላይ ቁጭ ብለው የሚስቁ ልጆች። ስለ ክፍያው እንኳ ሳታነሳ ጠየቀች።

«እዛ ሀበሻ አለ?»

«እማዬ፣ ልማር እኮ ነው የምሄደው» አለቻት ልጅቷ።

እህቴ ወደ እኔ ዞረች። እኔም ያን ቀን በሁለት ቃል መልሼ ማለፍ አልቻልኩም። ጥያቄው ላይ ላዩን ሲያዩት የእናት ስጋት ነው። ልጄ ብቻዋን እንዳትሆን፣ ስትታመም ሾርባ የሚያደርስላት እንዳታጣ ነው ነገሩ። ጠለቅ ብለው ካዩት ግን የአሜሪካ ኮሌጆችን ለዓመታት ፍርድ ቤት ያመላለሰ ጥያቄ ነው። ግቢው ውስጥ ማን አለ? ካሉትስ ማን ከማን ጋር ይኖራል? እህቴ ሳታውቀው ሁለቱንም አንድ ላይ ጠየቀች።

ስለዚህ ጥያቄውን በቁም ነገር ልውሰደው። እዚህ የማነሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።

ትንሽ ኮሌጅ ስል ሊበራል አርትስ ኮሌጅ የሚባሉትን ነው። አምኸርስት፣ ስዋርትሞር፣ ግሪኔል፣ ቤሪያ እና የመሳሰሉት። ዋና ሥራቸው የመጀመሪያ ዲግሪ ነው። ክፍል ውስጥ አሥራ አምስት ወይም ሃያ ልጅ ይቀመጣል። መምህሩ ስምህን ያውቃል። ከክፍል ከቀረህ ለምን እንደቀረህ ይጠይቅሃል። አብዛኛው ተማሪ ግቢ ውስጥ ያድራል፣ እዚያው ይበላል፣ እዚያው ይታመማል፣ እዚያው ይፋቀራል።

ትልቅ ዩኒቨርሲቲ እንደ ከተማ ነው፤ ትንሽ ኮሌጅ እንደ ሰፈር። ሰፈር ውስጥ መደበቅ አይቻልም። ጥሩም መጥፎም ጎኑ ይኸው ነው።

ሒሳቡን እንየው። ከ30,000 ተማሪ 1 በመቶ 300 ሰው ነው። 300 ሰው ማኅበር ያቋቁማል፣ አዳራሽ ይዞ እንቁጣጣሽን ያከብራል፣ ለአዲስ ገቢ ልጆች መጽሐፍ ያወርሳል። ከ1,800 ተማሪ 1 በመቶ 18 ሰው ነው። ለአራት ባች ሲካፈል በየባቹ አራት ወይም አምስት ልጅ ይደርሳል። ከአምስቱ ሁለቱ ቢጣሉ፣ አንዱ ውጭ አገር ለሴሚስተር ቢሄድ፣ አንዷ ቤተ መጻሕፍት ብትደበቅ የሚቀረው አንድ ሰው ነው። ስለዚህ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ላይ ምንም የማይመስል የቁጥር ለውጥ ትንሽ ኮሌጅ ላይ የአንድን ልጅ ሕይወት ይለውጣል።

ከሃምሳ ወደ አሥራ አራት

ይህ እንዲሁ ሐሳብ ብቻ አይደለም። በአንድ ዓመት ውስጥ ሲሆን አይተናል።

ጁን 29 ቀን 2023 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሃርቫርድ እና በኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ላይ በቀረቡት ክሶች ውሳኔ ሰጠ። ኮሌጆች ተማሪ ሲቀበሉ ዘርን ራሱን የቻለ መመዘኛ እንዳያደርጉ ከለከለ። ከ1978 ጀምሮ በተለያየ መልክ ሲፈቀድ የቆየ አሠራር በአንድ ቀን ቆመ። ዋና ዳኛው ጆን ሮበርትስ አንዲት በር ግን ክፍት ትተዋል። አመልካቹ ዘሩ በሕይወቱ ላይ ያመጣውን ነገር በጽሑፉ ከተረከ፣ ኮሌጁ ያን ታሪክ ማንበብና መመዘን ይችላል። ማመልከቻው ላይ ዘር የሚጠየቅበት ሳጥን ውስጥ ምልክት ማድረግ ብቻ ግን ከእንግዲህ አይሠራም።

በቀጣዩ ዓመት፣ በ2024 መኸር፣ ማሳቹሴትስ ያለው አምኸርስት ኮሌጅ የአዲስ ገቢዎቹን ቁጥር አወጣ። ጥቁር ተማሪዎች ከ11 በመቶ ወደ 3 በመቶ ወርደዋል። ላቲኖዎች ከ12 ወደ 8። አምኸርስት በየዓመቱ የሚቀበለው ከ500 ያነሰ ልጅ ነው። ስለዚህ 11 በመቶ ማለት ሃምሳ ገደማ ልጅ ነው። 3 በመቶ ደግሞ አሥራ አራት ወይም አሥራ አምስት። ከአንድ ባች ሠላሳ አምስት ልጅ ያህል ጠፋ ማለት ነው። ሠላሳ አምስት ልጅ በትንሽ ኮሌጅ ካፌ ውስጥ አራት ወይም አምስት ጠረጴዛ ይሞላል።

እርግጥ ቁጥሩ ሁሉንም አይናገርም። ከውሳኔው በኋላ ሳጥኑን ባዶ የተዉ ልጆች ይኖራሉ። የአንድ ዓመት ቁጥርም ከፍና ዝቅ ይላል። ያው ሕግ ሆኖ ሳለ ደግሞ የል ዩኒቨርሲቲ የጥቁር አዲስ ገቢዎቹ ድርሻ በዚያው ዓመት 14 በመቶ ላይ እንዳለ ቆየ። ልዩነቱ የሚያሳየኝ አንድ ነገር ነው። ሕጉ በሩን ሲያጠብ፣ ኮሌጁ ከዚያ በኋላ የሚያደርገው ነገር ይበልጥ ይወስናል። የት ሄዶ ተማሪ ይፈልጋል? የማንን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያንኳኳል? ገንዘቡንስ ለማን ይሰጣል?

እዚህ ላይ አንዳንድ ወገኖቼ «ይሄ የጥቁር አሜሪካውያን ጉዳይ ነው፣ እኛን አይመለከትም» ሲሉ እሰማለሁ። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ይመለከተናል። ልጆቻችን ኮሌጅ ሲያመለክቱ የሚቆጠሩት እዚያው ሳጥን ውስጥ ነው። በ2007 የሶሺዮሎጂ ምሁሩ ዳግላስ ማሴይና ባልደረቦቹ ያወጡት ጥናት በ28 መርጠው በሚቀበሉ ኮሌጆች ከነበሩ ጥቁር አዲስ ገቢዎች 27 በመቶው ራሳቸው ስደተኛ ወይም የስደተኛ ልጆች መሆናቸውን አሳይቷል። አይቪ ሊግ በሚባሉት፣ እንደ ሃርቫርድና የል ባሉ ስመ ጥር ኮሌጆች ደግሞ 41 በመቶ። የናይጄሪያ፣ የጃማይካ፣ የሄይቲ፣ የጋና፣ የእኛም ልጆች ናቸው። ስለዚህ ያ 11 በመቶ ወደ 3 ሲወርድ ከወረዱት ውስጥ የእኛም ልጆች አሉበት። ሲወጣም በእነሱ ትግል በተከፈተ በር ነው የገባነው።

ይህን ነገር ከመቶ ዓመት በፊት የተረዳ አንድ ኢትዮጵያዊ አለ። መላኩ በያን። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ገና አልጋ ወራሽ ሳሉ ለትምህርት ወደ አሜሪካ ከተላኩት የመጀመሪያዎቹ ወጣቶች አንዱ ነው። ከበሻህ ውረድ ሀብተ ወልድ እና ከወርቁ ጎበና ጋር ኦሃዮ ውስጥ ኒው ኮንኮርድ በምትባል ትንሽ ከተማ ወዳለው ማስኪንገም ኮሌጅ ገቡ። ትንሽ የፕሪስባይቴሪያን ኮሌጅ ነው። ተመራቂዎቹ ሚሲዮናውያን ሆነው ኢትዮጵያ ድረስ መጥተዋል። በዚያ ዘመን ሦስት ሀበሾች በኦሃዮ ገጠር! መላኩ በኋላ ሕክምና የተማረው ግን የጥቁር አሜሪካውያን ዩኒቨርሲቲ በሆነው ሃዋርድ ነው። በ1935 ተመረቀ። ዶረቲ ሃድሊ የምትባል ጥቁር አሜሪካዊት አገባ። ፋሺስት ኢጣሊያ አገሩን ከወረረች በኋላ በ1937 ኒው ዮርክ ላይ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን መሠረተና ጥቁር አሜሪካውያንን ከኢትዮጵያ ጎን አሰለፈ። በ1940 በወጣትነቱ አረፈ። «እኔ ሀበሻ ነኝ፣ እነሱ ሌላ ናቸው» ብሎ ቢቀመጥ ኖሮ ያ ሁሉ ሰው ከማን ጋር ይሰለፍልን ነበር?

ቁጥሩ ደህና ሆኖ ልጁ ብቻውን ሲሆን

አሁን ወደ ሌላኛው የጥያቄው ግማሽ ልሂድ። «አሉ ወይ» ብቻ አይበቃም።

ይሄው አምኸርስት ቁጥሩ ከመውደቁ በፊት ብዙ የተደከመበት ኮሌጅ ነው። ከ2003 እስከ 2011 ፕሬዝዳንት የነበሩት አንቶኒ ማርክስ ከድሃ ቤት የመጡ ልጆችን ፍለጋ አገር ምድሩን አስሰዋል። ኮሌጁ ለተቸገሩ ተማሪዎች ብድርን በስጦታ ተካ። ከአቻዎቹ ጋር ሲነጻጸር ግቢው ውስጥ የነበረው ስብጥር የሚያኮራ ነበር። ሆኖም ኖቬምበር 2015 ላይ፣ ሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ዘረኝነትን ተቃውመው ለተነሱት ተማሪዎች አጋርነት ለማሳየት ለአንድ ሰዓት ተብሎ በአምኸርስቱ ፍሮስት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የተጀመረ የመቀመጥ ተቃውሞ ቀናት ፈጀ። ተማሪዎች ተራ በተራ እየተነሱ ተናገሩ። የተናገሩት ስለ ቁጥር አልነበረም። ስለ ብቸኝነት ነበር። ከእኔ ሌላ እንደ እኔ የሚሰማው የለም ብለው ያስቡ የነበሩ ልጆች እዚያ ወለል ላይ ተቀምጠው ተሰማሙ።

ከዚያ ተቃውሞ በኋላ በጃኑዋሪ 2016 ቦርዱ «ሎርድ ጄፍ» የሚባለውን የስፖርት ቡድኖቹን መለያ አስቀረ። ጄፍሪ አምኸርስት በ1763 የአገሬውን ተወላጆች በፈንጣጣ በተበከለ ብርድ ልብስ ማጥፋትን በደብዳቤው የደገፈ የእንግሊዝ ጄኔራል ነው። የከተማዋም የኮሌጁም ስም ከእሱ የመጣ ነው። አንዲት የአሜሪካ ተወላጅ ልጅ በየጨዋታው በዚያ ሰው ስም እየጮኸች ቡድኗን ትደግፍ ነበር ማለት ነው። የግቢ ባህል የምንለው ይህ ነው። ማንም «ውጪ» አይልሽም። ግን ሁሉም ነገር ከአንቺ በፊት፣ ያለ አንቺ ተሠርቶ ተቀምጧል።

ሌላም ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ። ስፖርት። በእንዲህ ያሉ ትንንሽ ኮሌጆች ለኮሌጁ ቡድን የሚጫወቱት ልጆች ቁጥር ይገርማል፤ አምኸርስት ላይ ከተማሪው ሲሶ ገደማ ነው። ሠላሳ ሺህ ተማሪ ባለበት ዩኒቨርሲቲ የሆኪው ወይም የላክሮሱ ቡድን አይታይም። ትንሽ ኮሌጅ ላይ ግን ቡድኑ አብሮ ይበላል፣ አብሮ ያድራል፣ ቅዳሜ ማታ ድግሱንም እሱው ያዘጋጃል። ላክሮስና ስኳሽ ደግሞ ገንዘብ ያለው ሰፈር ልጆች የሚያድጉበት ጨዋታ ነው።

እኔም ከብዙ ዓመት በፊት ትንሽ ኮሌጅ ተምሬአለሁ። ስሙ ይቅር። በገባሁ በሦስተኛው ሳምንት አንድ ፎቶ አንሺ ከኮሌጁ ቢሮ ሠራተኛ ጋር መጣ። ከካፌ ስወጣ አስቆሙኝ። አንዲት የህንድ ልጅና አንድ የሜክሲኮ ልጅ አጠገቤ አቆሙ። ዛፍ ሥር አስቀመጡን። አንድ መጽሐፍ መሐላችን ከፈቱ። «እስኪ ሳቁ» አሉን። ሳቅን። ሦስታችን ስማችንን እንኳ አንተዋወቅም ነበር። ፎቶው እንዳለቀ በየፊናችን ሄድን። ያ ፎቶ እስክመረቅ ድረስ ብሮሹሩ ላይ ነበር። እናቴ አዲስ አበባ ሆና ለጎረቤት ሁሉ አሳይታዋለች። «ጓደኞቹ ናቸው» ብላ።

ቅር ብሎኛል፣ እስከ ዛሬም ቅር ይለኛል። ብቻዬን እራት እየበላሁ ግድግዳው ላይ ግን ከጓደኞቼ ጋር እስቅ ነበር።

እውነተኛ ጓደኛ ያገኘሁት እቃ ማጠቢያው ክፍል ነው። በሳምንት አሥራ ሁለት ሰዓት እሠራ ነበር። ሙቀት ነው፣ እንፋሎት ነው፣ የተረፈ ፓስታ ሽታ ነው። ከእኔ ጋር ሳህን የሚያራግፈው ከኦሃዮ እርሻ የመጣ ነጭ ልጅ ነበር። እሱም ካፌው ውስጥ ጠረጴዛ አልነበረውም። ከሀብታሞቹ ጋር የሚያወራው አልነበረውም። ሦስት ሰዓት ላይ ሥራ ስንጨርስ የተረፈውን እዚያው አይዝጌው ጠረጴዛ ላይ እንበላ ነበር። ስለ ላሞች አወራን። የአያቴ ላሞችና የአባቱ ላሞች። እኔ የማውቀውን የገጠር ሕይወት ከኮሌጁ ሁሉ የሚረዳው እሱ ብቻ ነበር። ዛሬም እንደዋወላለን።

ሁሉም የሚሠራበት ኮሌጅ

ይህን ያነሳሁት በምክንያት ነው። ኬንታኪ ውስጥ ያን የእቃ ማጠቢያ ክፍል ለመላው ግቢ ያደረገ ኮሌጅ አለ። ቤሪያ ኮሌጅ ይባላል። በእኔ ግምት ስለ ስብጥር ማወቅ የሚፈልግ ሰው ከሃርቫርድ በፊት የቤሪያን ታሪክ ቢያነብ ይሻለዋል።

ስሙን ከሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 17 ነው የወሰደው፤ የእኛ መጽሐፍ ቅዱስ «ቤርያ» የሚላት ከተማ። መሪ ቃሉም ከዚያው ምዕራፍ ነው፦ እግዚአብሔር የምድርን ሕዝቦች ሁሉ ከአንድ ደም ፈጠረ። በ1855 የመሠረተው ጆን ፊ የሚባል ሰባኪ ነው። አባቱ ባሪያ አሳዳሪ ነበር። ልጁ ግን ባርነትን አምርሮ ታገለ። ኬንታኪ ያኔ የባሪያ ግዛት ናት። በ1859 መጨረሻ ስልሳ ያህል የታጠቁ ፈረሰኞች መጥተው አሥር ቀን ሰጧቸው። ፊና ባልደረቦቹ ከነቤተሰባቸው ግዛቱን ለቀው ወጡ።

ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ ተመለሱ። በ1866 የትምህርት ዘመን 187 ተማሪ ነበራቸው። 96ቱ ጥቁር፣ 91ዱ ነጭ። ይህን ቁጥር ልብ በሉልኝ። ባርነት ከተሻረ ገና አንድ ዓመት ገደማ ቢሆነው ነው። ትናንት ባሪያ የነበረ ልጅና የድሃ ነጭ ገበሬ ልጅ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ፊደል ይቆጥራሉ። ያውም በደቡቡ፣ በኬንታኪ። እኩል ለእኩል የሆነ ስብጥር ለሃያ ዓመታት ያህል ቆየ።

ከዚያ በሁለት መንገድ ተሰበረ። የመጀመሪያው ከውስጥ ነው። በ1892 ፕሬዝዳንት የሆነው ዊሊያም ፍሮስት ኮሌጁን የአፓላቺያ ተራሮች ድሃ ነጮች ቤት ለማድረግ ፈለገ። ሐሳቡ ክፉ አይደለም፤ እነዚያም ልጆች ማንም አያስተምራቸውም ነበር። ግን ነጩ ሲበዛ ጥቁሩ ከግማሽ ወደ አምስት አንድ ገደማ ወረደ። ማንም አላባረራቸውም። ትኩረቱ ሌላ ቦታ ሄደ፣ ገንዘቡም ተከትሎ ሄደ። ይኼኛው አሰባበር ለእኔ ከሁለተኛው ይልቅ ያስፈራኛል፤ ዛሬም እንዲህ ነው የሚሆነው።

ሁለተኛው ከውጭ ነው። በ1904 የኬንታኪ ምክር ቤት ጥቁርና ነጭ በአንድ ትምህርት ቤት እንዳይማሩ ሕግ አወጣ። ባረቀቀው ሰው ስም የዴይ ሕግ ይባላል። ለጥቁሮች ቅርንጫፍ መክፈት ይቻላል፤ ግን ቢያንስ 25 ማይል መራቅ አለበት። በግዛቱ ውስጥ ጥቁርና ነጭን አብሮ የሚያስተምር ኮሌጅ ቤሪያ ብቻ ስለነበር ሕጉ ለማን እንደወጣ ሁሉም ያውቃል። ኮሌጁ 1,000 ዶላር ተቀጣ። ክሱን እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አደረሰው፤ በ1908 ተረታ። ከተቃወሙት ሁለት ዳኞች አንዱ ራሱ የኬንታኪ ሰው የነበረው ጆን ማርሻል ሃርላን ነው። ጥቁር ተማሪዎቹ ፊስክን ወደመሳሰሉ ሌሎች ኮሌጆች ተሸኙ። ለጥቁሮች የሚሆነው ሊንከን ኢንስቲትዩት ሉዊቪል አጠገብ በ1912 ተከፈተ።

ሕጉ ከመውጣቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1903፣ ከቤሪያ አንድ ወጣት ተመርቆ ነበር። ካርተር ዉድሰን። ከባርነት የወጡ ወላጆች ልጅ፣ የከሰል ማዕድን ሠራተኛ የነበረ። በ1926 የጥቁሮች ታሪክ ሳምንትን የጀመረው እሱ ነው፤ ዛሬ ልጆቻችን በየትምህርት ቤታቸው የካቲት ላይ የሚያከብሩት የጥቁሮች ታሪክ ወር ከዚያ የመጣ ነው። ጥቂት ቢዘገይ ኖሮ ይባረር ነበር።

ቤሪያ ጥቁር ተማሪዎችን መልሶ መቀበል የቻለው ሕጉ በ1950 ሲሻሻል ነው። አርባ ስድስት ዓመት። አንድ ትውልድ ተወልዶ፣ አድጎ፣ ልጅ ወልዶ የሚያልፍበት ጊዜ ነው። አምኸርስት ላይ በአንድ ዓመት የወረደውን ቁጥር ሳይ ቶሎ የሚመለስ መስሎ አይሰማኝም የምለው ለዚህ ነው።

አሁን ግን የዛሬውን ቤሪያ እንየው። 1,500 ገደማ ተማሪ አለው። ከ1892 ጀምሮ የትምህርት ክፍያ አያስከፍልም። ገንዘብ ያለው ቤተሰብ ልጅ አይቀበልም፤ ለመግባት መቸገር ያስፈልጋል። አብዛኛው ከአፓላቺያ ተራሮች ነው የሚመጣው። ከውጭ አገርም በየዓመቱ ጥቂት ልጆች ይቀበላል። እና ሁሉም ይሠራል። ሁሉም። በሳምንት ቢያንስ አሥር ሰዓት። አንዱ እርሻው ላይ፣ አንዷ ሽመናው ላይ፣ አንዱ መጥረጊያ ሲያስር፣ አንዷ ቤተ ሙከራ ውስጥ፣ ሌላው የኮሌጁ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ሲቀበል። የሥራ ነጥብ እንደ ትምህርት ነጥብ ይመዘገባል።

አስቡት። እቃ ማጠቢያው ውስጥ ያለው ልጅ «የእርዳታው ልጅ» አይደለም። ሳህኑን ያስቀመጠለትም ልጅ ነገ ወለል ይወለውላል። ማን የማን አገልጋይ ነው የሚለው ጥያቄ ከመነሻው የለም። ከኬንታኪ ተራራ የመጣ ነጭ ልጅ፣ ከበርሚንግሃም የመጣች ጥቁር ልጅ፣ ከናይሮቢ የመጣ ልጅ ስለ ዘር ለመወያየት ቀጠሮ አያስፈልጋቸውም። መጀመሪያ ሥራ አለባቸው። ወሬው ከሥራው መሐል ይመጣል። ደቦ የሚያውቅ ሰው ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገውም። ጸሐፊዋ ቤል ሁክስ፣ ራሷ የኬንታኪ ልጅ፣ ስመ ጥር ዩኒቨርሲቲዎችን ትታ በ2004 ቤሪያ የገባችው፣ በ2021 እስክታርፍም እዚያው ከተማ የቆየችው በከንቱ አይመስለኝም።

ቤሪያ ገነት ነው አላልኩም። በሌላው አሜሪካ ያለ ችግር እዚያም አለ። ሌላው ኮሌጅም እንዲሁ ተነስቶ ቤሪያ መሆን አይችልም። በ1920 ቦርዱ በኑዛዜ የሚመጣ ስጦታ ሁሉ እንዳይበላ፣ ወደ ቋሚ ሀብት እንዲገባ ወሰነ። ከመቶ ዓመት ቁጠባ በኋላ ሀብቱ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ሆነ። ነጻ ትምህርቱን የሚከፍለው የዚያ ገንዘብ ትርፍ ነው። በሌላው ትንሽ የግል ኮሌጅ ዋጋው፣ መኖሪያና ምግብ ጨምሮ፣ በዓመት 90,000 ዶላር ሊጠጋ ይችላል። ሙሉውን የሚከፍሉ ቤተሰቦች ከሌሉ መብራቱ አይበራም። ስለዚህ ሙሉ የሚከፍለውና በእርዳታ የሚማረው ልጅ አንድ ዶርም ውስጥ ያድራሉ። አንደኛው ለስፕሪንግ ብሬክ እረፍት ሜክሲኮ፣ ካንኩን ይበራል። ሌላኛው ካፌው ስለሚዘጋ ምን እንደሚበላ ያስባል። ቆዳቸው አንድ ዓይነት ቢሆን እንኳ ሁለት ኮሌጅ ነው የሚማሩት።

ቢሊዮን የሌለው ኮሌጅም ግን የሚያደርገው ነገር አለ። ከ1989 ጀምሮ ፖሲ የሚባል ፋውንዴሽን ልጆችን ብቻ ለብቻ ሳይሆን በአሥር በአሥር ሆነው ወደ አንድ ኮሌጅ ይልካል። ኮሌጁ የትምህርት ክፍያቸውን ይሸፍናል። አሥሩ ከመሄዳቸው በፊት ለወራት በየሳምንቱ ይገናኛሉ፤ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ፣ ይተዋወቃሉ። ሐሳቡ የተነሳው ጎበዝ ሆኖ ኮሌጅ ካቋረጠ አንድ ልጅ ነው። ጓደኞቼ አብረውኝ ቢሆኑ አላቋርጥም ነበር ብሎ። ዋሽንግተን ውስጥም ቅርንጫፍ አለው። ልጁን የሚጠቁመው ትምህርት ቤቱ ስለሆነ፣ አሥራ አንደኛ ክፍል ልጅ ያላችሁ የትምህርት ቤቱን አማካሪ፣ ካውንስለሯን፣ አሁኑኑ ጠይቁ። ብዙ ሀበሻ ቤተሰብ ስለ ፖሲ የሚሰማው ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው፤ ይህ ያንገበግበኛል።

ለእህቴ ልጅ ጊዜው አልፏል። ሁለቱ ደብዳቤዎች ግን ጠረጴዛው ላይ ናቸው። ስለዚህ ያን ቅዳሜ ብሮሹሩን አስቀምጠን ሌላ ነገር ፈለግን። እያንዳንዱ ኮሌጅ ከገቡት ጥቁር ተማሪዎች ስንቱ በስድስት ዓመት ውስጥ እንደተመረቁ የፌዴራል መንግሥቱ ኮሌጅ ናቪጌተር ላይ በነጻ ያሳያል። ፔል ግራንት፣ ማለትም ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ቤተሰብ ልጆች የሚሰጠውን የፌዴራል እርዳታ፣ የሚያገኘው ተማሪ ስንት በመቶ እንደሆነም እንዲሁ። የመጀመሪያው ቁጥር የገቡት ልጆች ቆይተው ይሆን ወይ ይነግርሻል አልኳት። ሁለተኛው ደግሞ እንደ አንቺ ሥራ እየሠራ የሚማር ስንት ሰው እንደሚኖር። የትንሹ ኮሌጅ የምረቃ ቁጥር ከትልቁ በብዙ ይበልጣል። የፔሉ ግን ያንሳል። «ይሄ ምን ማለት ነው?» አለች እህቴ። ከገባች ትጨርሳለች፣ ግን ድሃ ጓደኛ በፋኖስ ነው የምትፈልገው ማለት ነው አልኳት።

ባለፈው ሳምንት ልጅቷ ሄዳ አንድ ሌሊት አደረች። ምሳ ሰዓት ላይ ካፌ ተቀምጠሽ ዝም ብለሽ እይ ብያት ነበር። ማታ ደወለች። መምህሮቹን ወዳቸዋለች። የኬሚስትሪ ክፍሉ ውስጥ አሥራ ሁለት ልጅ ብቻ ነበር፤ መምህሯም ስሟን በትክክል ጠርታታለች። ካፌው ውስጥ የስፖርተኞቹ ጠረጴዛ መስኮቱ ጋ ነው አለችኝ። ትሪዋን ልትመልስ ስትሄድ ከመስኮቷ ወዲያ የሚያጥቡት አራቱም ልጆች ጥቁርና ላቲኖ ነበሩ። ለአድሚሽን ቢሮው ሥራው የሁሉም ነው ወይስ እርዳታ የሚያገኙት ብቻ ነው ብላ ኢሜይል ጽፋለች። መልስ እየጠበቀች ነው። ለመወሰን እስከ ሜይ 1 ጊዜ አላት።

ሀበሻም አለ። አንዲት የሦስተኛ ዓመት ልጅ፣ ያደገችው ዳላስ። እቃ ማጠቢያው ውስጥ ካሉት አራቱ አንዷ እሷ ናት። የእህቴ ልጅ አንገት ላይ ያለውን መስቀል አይታ «ሀበሻ ነሽ?» ያለቻት እሷው ነች፤ ውሃውን ዘግታ፣ ጓንቷን አውልቃ። ሥራ እስክትጨርስ ጠብቃት አብረው ሻይ ጠጡ።

እህቴ ዛሬ ጠዋት ደወለችልኝ። ስለ ምረቃ ቁጥሩም ስለ ፔሉም አላነሳችም። «የዚያችን የዳላስ ልጅ ስልክ ተቀብላለች ወይ? ለፋሲካ ወዴት ነው የምትሄደው?» አለችኝ።